«ገዛን» እና «ሸጡብን»፦ የደጋፊው ክረምት

ነሐሴ 22 ቀን 2003 ዓ.ም. እሑድ ነበር። በአዲስ አበባም ሆነ በናይሮቢ ከምሽቱ 12 ሰዓት ሲሆን በማንቸስተር ኦልድ ትራፎርድ የተጀመረው ጨዋታ ሲያበቃ፣ በቴሌቪዥኑ ጥግ ላይ ማንቸስተር ዩናይትድ 8፣ አርሰናል 2 የሚል ጽሑፍ ተሰቅሎ ቀረ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1896 ወዲህ አርሰናል በአንድ ጨዋታ 8 ግብ ተቆጥሮበት አያውቅም ነበር። ጨዋታው በታየባቸው ቤቶች ሁሉ የዩናይትድ ደጋፊ ሲጨፍር ከአርሰናሉ ደጋፊ አፍ የወጣው ቃል ግን የልቅሶ አልነበረም። «ብለን ነበር» የሚል ነበር።

ብሎ ነበርን? ብሎስ ከነበረ ያለው ምን ነበር? የደጋፊ ወሬ ብዙ ጊዜ ሰምተው የሚያልፉት፣ ቢበዛ የሚስቁበት ነገር ነው። ሆኖም የአውሮፓ ውድድር ከመጀመሩ በፊት ባሉት ሁለት የክረምት ወራት በምሥራቅ አፍሪካ ከተሞች በየቡና ቤቱ የሚካሄደው የቡድን አወቃቀር ክርክር ራሱን የቻለ የሂስ ዓይነት ነው። የሚነበበው ጽሑፍ የተጫዋቾች ስም ዝርዝር ነው፤ ሐያሲው ደጋፊው ነው። ማን ይቅር፣ ማን ይሂድ፣ ማን በማን ይተካ ብሎ ሲፈርድ መስፈርት አለው፣ ማስረጃ ይጠቅሳል፣ ያለፈውን ከአሁኑ ያነጻጽራል። ሂስ ከሆነ ዘንድ ደግሞ እሱም ሊሄስ ይገባዋል። ለዚህም የ2011 ክረምት የሚመረጠው፣ ደጋፊው የፈራው ነገር በቁጥር ተጽፎ የተገኘበት፣ በዚያው መጠንም የተሳሳተበት ጉዳይ በግልጽ የታየበት ወቅት በመሆኑ ነው። (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታትና ወራት በአመዛኙ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፍርሃቱ ከባዶ አልተነሣም። ክለቡ የመጨረሻውን ዋንጫ ካነሣ ስድስት ዓመት ሆኖት ነበር። በዚያው ዓመት ፌብሩዋሪ 5 ቀን ኒውካስልን 4 ለ 0 ሲመራ ቆይቶ 4 ለ 4 ወጥቷል። ከሦስት ሳምንት ያህል በኋላም በዌምብሌይ በሊግ ካፕ ፍጻሜ ከበርሚንግሃም ሲቲ ጋር 1 ለ 1 ሆኖ ሳለ፣ ግብ ጠባቂው ሼዝኒና ተከላካዩ ኮሲዬልኒ አንዱ ለሌላው ኳሷን ሲተዉ መሐል የገባው ኦባፌሚ ማርቲንስ ዋንጫውን ይዞባቸው ሄዷል። ደጋፊው ከእነዚህ ሁለት ቀኖች ያወጣው ድምዳሜ አንድ ነበር፦ ቡድኑ ኳስ ያውቃል፣ ሲነኩት ግን ይፈርሳል። ስለዚህ በክረምቱ የሚገዛው ሰው ቁመት ያለው፣ ዕድሜው የበሰለ፣ በእንግሊዝ ሜዳ ጭቃ የተፈተነ የመሐል ተከላካይ መሆን አለበት። ስምም ይጠራ ነበር፦ የቦልተኑ ጋሪ ኬሂል፣ የብላክበርኑ ክሪስ ሳምባ፣ የኤቨርተኑ ፊል ጃጊየልካ።

የሆነው ሌላ ነው። በጁን ወር ከእንግሊዝ ሦስተኛ እርከን ከቻርልተን የ19 ዓመቱ የቀኝ ተመላላሽ ካርል ጄንኪንሰን መጣ። በጁላይ መጀመሪያ የግራ ተመላላሹ ጋኤል ክሊሺ ወደ ማንቸስተር ሲቲ ሄደ። ከሊል የመጣው ዠርቪኞ አጥቂ ነበር፤ ደጋፊው ተከላካይ ሲጠብቅ አጥቂ ሲቀበል እንደ ምን እንደሆነ መገመት አያዳግትም። ኦገስት 8 ቀን የ17 ዓመቱ ኦክስሌድ ቻምበርሊን ከሳውዝሃምፕተን ተገዛ፤ እሱም የክንፍ ተጫዋች ነው። ኦገስት 15 ቀን የቡድኑ አምበል ሴስክ ፋብሬጋስ ወደ ባርሴሎና ተመለሰ። ኦገስት 24 ቀን ሳሚር ናስሪ ክሊሺን ተከትሎ ወደ ማንቸስተር ሲቲ አመራ። አሰልጣኙ አርሰን ቬንገር ራሳቸው በጁላይ ወር፣ ቡድኑ በእስያ ሲዘዋወር፣ ሁለቱንም ያጣ ክለብ ትልቅ ምኞት አለኝ ብሎ ማንንም ማሳመን እንደማይችል ተናግረው ነበር። ደጋፊው ይህን ንግግር ከወንጌል ቃል ባልተናነሰ በቃሉ ያዘው። ከወር በኋላም በተናጋሪው ላይ መለሰው።

እዚህ ላይ ስለ ወዳጅነት ጨዋታዎች ጥቂት ማለት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም የክረምቱ ሐያሲ ከሁሉ የሚሳሳተው በእነርሱ ንባብ ነው። አርሰናል በኩዋላ ላምፑር የማሌዢያን ምርጥ ቡድን 4 ለ 0 አሸነፈ፤ ይህ ምንም አይናገርም። በቻይና ከሃንግዡ ቡድን ጋር 1 ለ 1 ወጣ፤ ይህም ምንም አይናገርም። በጀርመን ኮሎኝን ሲያሸንፍ ሁለቱንም ግቦች ያገባው ዠርቪኞ ስለነበረ ለሁለት ሳምንት ያህል «አዲሱ ሄንሪ» እየተባለ ተወራለት። ተጫዋቾች በክረምት ሩጫ የደከሙበት፣ አሰልጣኙ በእረፍት ሰዓት አሥር ሰው የሚቀይርበት፣ ተጋጣሚውም ለትርዒት ያህል የሚጫወትበት ግጥሚያ ለውጤት ትንበያ አይሆንም። ሆኖም ደጋፊው አንዷን በትክክል አነበባት። ጁላይ 30 ቀን በገዛ ሜዳው ቦካ ጁኒየርስን 2 ለ 0 ሲመራ ቆይቶ 2 ለ 2 ሲወጣ፣ በየቤቱ «ይኸው ኒውካስል!» ተባለ። በወዳጅነት ጨዋታ ውስጥ መታየት ያለበት ውጤቱ ሳይሆን የሚደጋገመው ጠባይ ነው፤ ያንን ጠባይ ደግሞ ከባለሙያው ቀድሞ የሚያውቀው ሁልጊዜም የሚያመው ሰው ነው። በማግሥቱ ከኒውዮርክ ሬድ ቡልስ ጋር በተደረገው ጨዋታ ወጣቱ አማካይ ጃክ ዊልሼር ቁርጭምጭሚቱን ተጎዳ። በዕለቱ ብዙም አልተወራለትም፤ ሁሉም ዓይን በተቃራኒ ማልያ በተመለሰው ሄንሪ ላይ ነበር። ዊልሼር ግን ከዚያ በኋላ ያን የውድድር ዓመት ሙሉ አልተሰለፈም። ከክረምቱ ሁሉ ትልቁ ዜና ማንም ሳያስተውለው አለፈ ማለት ነው።

ከዚህ ወደ ቋንቋው እንለፍ፤ የደጋፊው ሂስ አካሄድ ከሁሉ ይልቅ የሚገለጠው በግሡ ነውና። እንግሊዝኛ «እኛ»ን፣ «ሸጠ»ን እና «እሱን» ለየብቻ ያስቀምጣል፤ አማርኛ ግን «ሸጥነው» ብሎ ሻጩንና ተሻጩን በአንድ ቃል ያስራቸዋል። የደጋፊውን ወሬ ልብ ብሎ ላዳመጠ ሰው አንድ ነገር ግልጽ ይሆንለታል። ተጫዋች ሲመጣ ግሡ «ገዛን» ነው። ተጫዋች ሲሄድ ግሡ «ሸጥን» አይሆንም፤ «ሸጡብን» ይሆናል። ሻጩ ሌላ ነው፣ ጉዳቱ የእኛ ነው። በሌላ ቋንቋ አንድ ዓረፍተ ነገር የሚፈጀውን ክስ አማርኛ በአንዲት «-ብን» ይጨርሰዋል። ስለዚህ ደጋፊው የክለቡ ባለቤት የሚሆነው በደስታው ቀን ብቻ ነው፤ በክፉው ቀን ሰፈሩ እንደ ተወረሰበት ሰው ይናገራል። ይህን አስመሳይነት ነው ብሎ መፍረድ ቀላል ነው። ነገር ግን ከሁለቱ ግሦች ለእውነቱ የሚቀርበው የትኛው እንደሆነ ቢጠየቅ፣ «ሸጡብን» ነው። ደጋፊው አልሸጠም፤ አልተጠየቀምም። ውሸቱ ያለው «ገዛን» ላይ ነው።

«ደጋፊ» የሚለው ቃል ራሱ ምናልባት ለዚህ ስሕተት ተጠያቂ ሳይሆን አይቀርም። ሥሩ ዘመም ያለ ግድግዳን ከሚደግፍ ባላ ጋር አንድ ነው፤ ባላው ቢነሣ ቤቱ ይወድቃል የሚል እምነት በውስጡ አለ። የእንግሊዛዊው ጸሐፊ ኒክ ሆርንቢ በ1992 ያሳተመው፣ ምዕራፎቹ በአመዛኙ በጨዋታና በቀን የተሰየሙት የአርሰናል ደጋፊ ማስታወሻ፣ ሰው ሕይወቱን በክለብ ጨዋታዎች ሲቆጥር ምን እንደሚመስል በሐቅ ያሳየ መጽሐፍ ነው። ነገር ግን ሆርንቢ ወደ ሜዳው በእግሩ የሚሄድ፣ ትኬት የሚቆርጥ ሰው ነበር። ከስድስት ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ባላ ነኝ ለሚለው ሰው እስካሁን እንዲህ ያለ መጽሐፍ አልተጻፈለትም፤ ሊጻፍለት ግን ይገባል።

ወደ ኦልድ ትራፎርድ ስንመለስ፣ የደጋፊው ፍርድ ትክክለኛነት በአሰላለፉ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በግብ ሼዝኒ፤ በመከላከል ጄንኪንሰን፣ ጁሩ፣ ኮሲዬልኒ፣ ትራኦሬ፤ በአማካይ ኮክላን፣ ራምዚ፣ ሮዚስኪ፤ በፊት ዋልኮት፣ ቫን ፐርሲ፣ አርሻቪን። ፍራንሲስ ኮክላን በሊጉ ሲሰለፍ የመጀመሪያው ነበር። ዠርቪኞና ሶንግ በኒውካስሉ ጨዋታ፣ ፍሪምፖንግ በሊቨርፑሉ ጨዋታ ባጠፉት ጥፋት ታግደዋል። ቬርማለንና ዊልሼር ተጎድተዋል፣ ሳኛም አልነበረም። ቫን ፐርሲ ውጤቱ ገና 1 ለ 0 ሳለ የመታውን ፍጹም ቅጣት ምት ዴ ኼያ አዳነበት፤ ከዚያ በኋላ ግድቡ ተሰበረ። በቀኝ በኩል ያሽሊ ያንግን እንዲይዝ የተመደበው ጄንኪንሰን፣ ከጥቂት ወራት በፊት በሦስተኛው እርከን የሚጫወት ልጅ፣ በቀይ ካርድ ወጣ። ዋይኒ ሩኒ ሦስት አገባ። ያን ዕለት ከሰዓት ቀደም ብሎ ደግሞ ናስሪ ለአዲሱ ክለቡ የመጀመሪያ ጨዋታውን በቶተንሃም ሜዳ አድርጎ፣ ሲቲ 5 ለ 1 ሲያሸንፍ ሦስት ግብ የሆኑ ኳሶች አቀብሎ ነበር። ሁለቱን ጨዋታዎች በተከታታይ የተመለከተ የአርሰናል ደጋፊ በአንድ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሸጡበትንም፣ ያልገዙለትንም አየ።

እንግዲህ «ብለን ነበር» እውነት ነው። ተከላካይ ያስፈልጋል ብሏል፤ ያስፈልግ ነበር። ቡድኑ ሳስቷል ብሏል፤ ሳስቶ ነበር። እስከዚህ ድረስ ሐያሲው ሊመሰገን ይገባል፤ ይህን ያለው በቢሮ የተቀመጠ የስታትስቲክስ ባለሙያ ሳይሆን በማኪያቶ ላይ የሚከራከር ሰው መሆኑም አይዘንጋ።

የሳተው ምክንያቱን ነው። በደጋፊው ንባብ ክረምቱ የሚጀምረው በጁላይ ነው፤ ጥፋቱም የጁላይና የኦገስት ጥፋት ነው፣ መነሻውም ንፉግነት ነው። በእርግጥ ንፉግነት የሚመስል ነገር ነበር። ክለቡ በ2006 የተከፈተውን ወደ 390 ሚሊዮን ፓውንድ የፈጀ አዲስ ስታዲየም ዕዳ እየከፈለ ነበር፤ ቬንገርም ለዓመታት ውድ ተጫዋች ሸጠው ወጣት እየገዙ ሒሳቡን አቻችለዋል። የናስሪና የክሊሺ ነገር ግን የተወሰነው በዚያ ክረምት አልነበረም። ሁለቱም ውላቸው ሊያልቅ አንድ ዓመት ብቻ ቀርቷቸው ነበር። ከ1995ቱ የቦስማን ፍርድ ወዲህ በአውሮፓ ውሉ ያለቀ ተጫዋች ለክለቡ ሳንቲም ሳያስገባ ወደ ፈለገበት ይሄዳል፤ ስለዚህ አንድ ዓመት የቀረው ተጫዋች ወይ ይፈርማል፣ ወይ ይሸጣል፣ ወይ በነጻ ይታጣል። አራተኛ መንገድ የለም። ሽያጩ የተፈጸመው በ2011 ይሁን እንጂ ውሳኔው የተላለፈው ከዚያ ቀደም ባሉት ወራት፣ ብዕር ሳይነሣ በቀረበት ጠረጴዛ ላይ ነው። ደጋፊው መጠየቅ የነበረበት ጥያቄ «ለምን ሸጡት?» ሳይሆን «ዓምና ለምን አላስፈረሙትም?» የሚል ነበር። ይህን ጥያቄ ግን ማንም አልጠየቀም፤ ምክንያቱም ዓምና ናስሪ ግብ እያገባ ነበር፣ ግብ እያገባ ያለ ሰው ደግሞ ስለ ውሉ አይወራበትም። የፋብሬጋስ ጉዳይ ከዚህ ይለያል። እሱ ገና ዓመታት የሚቀሩት ውል ነበረው፤ በ16 ዓመቱ ጥሎት የወጣውን የልጅነት ክለቡን የናፈቀ ሰው ነበር። ናፍቆትን በደመወዝ ጭማሪ ማቆም እንደማይቻል ከሌላው ሁሉ ይልቅ የስደተኛ ማኅበረሰብ ሊረዳው በተገባ ነበር፤ የሆነው ግን «ከሃዲ» መባል ነው።

ክርክሩ ይበልጥ የሚጣፍጠው ከሽንፈቱ በኋላ ባሉት ሦስት ቀናት ላይ ነው። የዝውውሩ መስኮት ኦገስት 31 ሌሊት ሊዘጋ አርሰናል አምስት ሰው በጥድፊያ ሰበሰበ። ፓርክ ቹ ያንግ ከሞናኮ፣ አንድሬ ሳንቶስ ከፌነርባቼ፣ ፔር ሜርትሳከር ከቬርደር ብሬመን፣ ሚኬል አርቴታ ከኤቨርተን መጡ፤ ዮሲ ቤናዩን ደግሞ ከቼልሲ በውሰት። ደጋፊው ሳቀ። ሜርትሳከር 1 ሜትር ከ98 ነው፣ ሲዞር መርከብ ይመስላል ተባለ። አርቴታ 29 ዓመቱ ነው፣ ፋብሬጋስን ሸጠው አርቴታን መግዛት በሬ ሸጦ ቢላዋ መግዛት ነው ተባለ። ከአምስቱ በሁለቱ ላይ ሳቁ ተገቢ ሆኖ ተገኘ። ፓርክ በሊጉ የተሰለፈው አንዴ ብቻ ነው፣ እሱም ተቀይሮ ገብቶ፤ ሳንቶስ ደግሞ በስተኋላ የሚታወሰው በግራ ተመላላሽነቱ ሳይሆን በኦልድ ትራፎርድ ገና በእረፍት ሰዓት የቫን ፐርሲን የዩናይትድ ማልያ በመቀበሉ ነው። ከሜርትሳከርና ከአርቴታ ግን ያን ዕለት የፈረሰው ቡድን አከርካሪ ተሠራ። አርሰናል ያን የውድድር ዓመት በ70 ነጥብ ሦስተኛ ሆኖ ጨረሰ። ሜይ 17 ቀን 2014 ሃል ሲቲ ላይ በተገኘው የኤፍ ኤ ካፕ ድል ዘጠኝ ዓመት የዘለቀው የዋንጫ ድርቅ ሲያበቃ ሁለቱም ተሰላፊ ነበሩ። በዚያ ፍጻሜ 2 ለ 0 ከተመራ ቡድን የአቻነቷንና የማሸነፊያዋን ግብ ያስቆጠሩት ደግሞ ኮሲዬልኒና ራምዚ ናቸው፤ ሁለቱም ከስምንቱ ግቦች ቀን ተሰላፊዎች መካከል የነበሩ፣ በየቡና ቤቱ «ይሸጥ» ተብሎ ስማቸው ሲጠራ የከረመ።

የደጋፊው የምኞት ዝርዝርስ? ጋሪ ኬሂል በጃንዋሪ 2012 ወደ ቼልሲ ሄዶ በአራት ወር ውስጥ የአውሮፓን ዋንጫ አነሣ፤ እዚህ ላይ ደጋፊው ከክለቡ ሰዎች የተሻለ ዓይን ነበረው። ክሪስ ሳምባ ወደ ሩሲያው አንዢ፣ ከዚያም ወደ ኩዊንስ ፓርክ ሬንጀርስ ተዘዋወረና ከቡድኑ ጋር ከሊጉ ወረደ፤ እዚህ ላይ ዓይኑ ቁመት ብቻ ነበር ያየው። ጃጊየልካ ከኤቨርተን አልነቃነቅም አለ። ይህ ሒሳብ ለማንኛውም የሥነ ጽሑፍ ሐያሲ ቢሰጠው የሚያሳፍር አይደለም።

ከሽንፈቱ በኋላ የተደረገ አንድ ነገር አለ፤ የ«እኛ»ን ነገር ከማንኛውም ትንተና ይልቅ ያጋልጣል። ክለቡ ወደ ማንቸስተር ተጉዘው ሽንፈቱን በዓይናቸው ላዩት ደጋፊዎቹ ለሌላ የውጭ ጨዋታ ነጻ ትኬት ሰጠ። የሚያስመሰግን ሥራ ነው። ነገር ግን በኢስሊ አንድ ሻይ አዝዞ ሁለት ሰዓት ሙሉ በሰው ትከሻ ላይ ተንጠልጥሎ ያየው፣ ቤት ሲገባም የመጨረሻው ማታቱ ያመለጠው ሰው በዚያ ይቅርታ ውስጥ አልተቆጠረም። ሊቆጠርም አይችልም፤ ማንም አያውቀውም። ክለቦቹ የዚህን አካባቢ ደጋፊ የሚያውቁት በጥቅሉ፣ በገበያነቱ ነው። በ2018 የሩዋንዳ መንግሥት ስሙን በአርሰናል ማልያ እጅጌ ላይ ለማስጻፍ ገንዘብ ሲከፍል ብዙዎች የተከራከሩት ድኻ አገር ለሀብታም ክለብ መክፈሏ ተገቢ ነው ወይ በሚለው ላይ ነበር። ከዚያ ይልቅ አስደናቂው ነገር ሌላ ነው። ለአሥርት ዓመታት ማልያውን በገንዘቡ ገዝቶ የለበሰው ምሥራቅ አፍሪካዊ የራሱን አካባቢ ስም በማልያው ላይ ሊያይ የቻለው እንደገና ከፍሎ መሆኑ ነው።

ጨዋታን በኅብረት ማየት በዚህ አካባቢ ዋዛ ነገር አይደለም። ጁላይ 11 ቀን 2010፣ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ በሚታይበት ምሽት፣ በካምፓላ ካባላጋላ ኢትዮጵያን ቪሌጅ በተባለው ምግብ ቤትና በራግቢ ሜዳው በፈነዱ ቦምቦች ከ70 በላይ ሰዎች ሞተዋል። የሚቀጥለው ውድድር በወር ውስጥ ሲጀመር ሰዎች ተመልሰው በየስክሪኑ ፊት ተሰበሰቡ። ከዚያ ወዲህ «ኳስ ብቻ ነው» የሚል አነጋገር በካምፓላ ለሚኖር አማርኛ ተናጋሪ ባዶ ሆኖ ይሰማዋል።

ታዲያ በዚህ ሁሉ ውስጥ ደጋፊው የሚሻው ምንድን ነው? መልሱ ምናልባት በራሱ መዝገበ ቃላት ውስጥ አለ። አማርኛ ለተጫዋች የመረጠለት «ዝውውር» የሚለው ቃል የኳስ ቃል አልነበረም፤ ከጠረፍ ወደ ከተማ እዛወራለሁ ብሎ ማመልከቻ ሲጽፍ የኖረ የመምህርና የጤና ረዳት ቃል ነው። «ውሰት»ም ለሠርግ ከጎረቤት የሚወሰድ ድስት ቃል ነው። በናይሮቢ ወይም በካምፓላ ፋይሉ በሌላ ሰው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ዓመታት የሚቆጥር፣ ወደ ሦስተኛ አገር ይዛወር አይዛወር ማን እንደሚወስንለት የማያውቅ ሰው፣ የሳሚር ናስሪን ዝውውር ከቀን ወደ ቀን ሲከታተል ማየት የሚያስቅ ነገር የለውም። ቀኑ የታወቀ፣ መስኮቱ የሚከፈትበትና የሚዘጋበት ሰዓት በግልጽ የተነገረ፣ ውጤቱም በመጨረሻ ለሁሉም የሚታወጅ ዝውውር ይህ ብቻ ነው። በዚህ ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ተሳስታችኋል» ማለት ይችላል። በሌላው ላይ አይችልም።

እዚህ ላይ የታወቀው ወቀሳ መነሣቱ አይቀርም፦ የአርሰናልን ሦስተኛ ግብ ጠባቂ የሚያውቅ ሰው የቅዱስ ጊዮርጊስን ወይም የኢትዮጵያ ቡናን፣ የጎር ማህያን ወይም የኤስ ሲ ቪላን የመጀመሪያ ግብ ጠባቂ አያውቅም። ወቀሳው ግማሽ እውነት አለው። ሌላው ግማሽ ግን ለወቃሹ የሚመች አይደለም። ሐያሲ የሚያድገው ጽሑፍ ሲያገኝ ነው። የእንግሊዝ ክለብ ማን እንደ ፈረመ፣ ማን እንደ ታመመ፣ ማን በውሰት እንደ ሄደ በየዕለቱ ያሳውቃል፤ የክርክሩን ጥሬ ዕቃ በነጻ ያድላል። ንቀት አለ ከተባለ፣ ደጋፊውን ዝርዝር ሊነገረው እንደማይገባው ሰው የሚቆጥር ክለብም የንቀቱ ተካፋይ ነው።

ከ2011 በኋላ ደጋፊው ትምህርት አግኝቶ ይሆን? በቀጣዩ ክረምት ሮቢን ቫን ፐርሲ፣ በሊጉ 30 ግብ አግብቶ ቡድኑን ሦስተኛ ያደረገው አዲሱ አምበል፣ ውሉ አንድ ዓመት ሲቀረው አልፈርምም አለ። በኦገስት 2012 ወደ ማንቸስተር ዩናይትድ ተሸጠ። «ሸጡብን» ዳግመኛ ተሰማ፤ «ዓምና ለምን አላስፈረሙትም?» ዳግመኛ አልተሰማም። ኤፕሪል 28 ቀን 2013 ዩናይትድ ሻምፒዮንነቱን አረጋግጦ ወደ ለንደን ሲመጣ የአርሰናል ተጫዋቾች በሁለት ረድፍ ቆመው እያጨበጨቡ ቫን ፐርሲን አሳለፉት። ብዙ ደጋፊዎች ያን ትዕይንት ከ8 ለ 2ቱ የባሰ ነው ይሉታል፤ አይፈረድባቸውም።

ያ በመጨረሻው ቀን በጥድፊያ የመጣው የ29 ዓመት አማካይ ግን በዲሴምበር 2019 የክለቡ አሰልጣኝ ሆኖ ተመለሰ። የስም ዝርዝሩን የሚያወጣው አሁን አርቴታ ሆነ፣ በሬና ቢላዋ ያለው ሐያሲም ዝርዝሩን ለማንበብ ተቀመጠ። በ2024 ክረምት ደጋፊው አንድ ነገር ደጋግሞ ጠየቀ፦ የመሐል አጥቂ። አልተገዛም። በጃንዋሪ 2025 ጄሱስ፣ በፌብሩዋሪ ሃቨርትዝ በጉዳት ወደቁ፤ በሌስተር ሜዳ የቡድኑን ሁለት ግቦች ያስቆጠረው ተቀይሮ በአጥቂ ቦታ የገባው አማካዩ ሜሪኖ ነበር። ደጋፊው ግቦቹን ሲያይ ከወንበሩ ብድግ ብሎ ጮኸ፤ ከተቀመጠ በኋላም ወደ ጎረቤቱ ዞር ብሎ «ብለን ነበር» አለ። በጁላይ 2025 ከሊዝበኑ ስፖርቲንግ ዮከሬሽ የተባለው ስዊድናዊ አጥቂ ሲመጣ ግሡ ወዲያው ተለወጠ። «ገዛን» ተባለ።